የአገዳዋ ታንኳ

እኔ ሳቅ ሲይዘኝ ቦታ አልመርጥም። ለቅሶ ቤት ስቄ አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስቄ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ወጥቻለሁ። በሠርጌ ቀን እንኳ ሽማግሌው ሲመርቁን ሚዜዬ ጎኔን በክርኗ እየደቃች ነው ያስቆመችኝ። ስለዚህ ይህን ሳወራ መሳቄ አማቴን መናቄ እንዳይመስልባችሁ። የእሳቸውን ያህል የወደድኩት ሰው ጥቂት ነው።

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ የጣና ዳር ልጅ ናቸው። በጎረምሳነታቸው ከአገራቸው ወጥተው ድሬዳዋ ከተሙና ሠላሳ ዓመት ሙሉ በምድር ባቡር ፉርጎ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። እኔ ልጃቸውን ያገባሁት በዓመቱ ነው፤ ጊዜው የደርግ፣ የስብሰባና የሰልፍ ጊዜ ነበር። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሽርጣቸውን አገልድመው በረንዳ ላይ ይቀመጡና ከመጥረጊያ ላይ ሰበዝ እየመዘዙ ጣት የምታህል ታንኳ ያስራሉ። አፍንጫዋ ቀና ያለ፣ ጎኗ ሞላ ያለ፣ የምታምር ነገር ናት። ሠርተው ሲጨርሱ አገላብጠው ያዩዋትና ወደ ጓሮ ይወረውሯታል።

«ለምን ይጥሏታል አባባ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እዚህ አገር ማንን ልታሻግርልኝ?» አሉና እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። «እኔን አባቴ አሳየኝ። አብረውኝ ያዩት ወንድሞቼ አልፈዋል። ልጄ እንደሆነ ውሃ የሚያውቀው በበርሜል ነው። ይሄ እጅ ሳይረሳ አንድ ሰው ቢይዝልኝ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምን ምኞት አለኝ።»

አንጀቴን በሉት። ወዲያው አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሁለት ሰበዝ አንስቼ ማሰር ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ እንኳ ሳልጠመጥም ከእጄ ነጠቁኝ። «ተይው፣ ተይው፣ አበላሸሽው» አሉ።

የሰውዬው ችግር ይኸው ነበር። ሰው እንዲማርላቸው ይጓጓሉ፤ ሰው ሲሳሳት ግን ማየት አይችሉም። ባሌም በልጅነቱ እንዲሁ ሲነጠቅ ሲነጠቅ እርግፍ አድርጎ እንደተወው ማታውኑ ነገረኝ። «አባቴ የሚያስተምረው እጅ የሌለው ሰው ቢያገኝ ነው» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

በዚያ ሰሞን የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ እሑድ ለስብሰባ ተጠራንና ሊቀመንበሩ ከበላይ የመጣውን መመሪያ አነበበልን። በከተማው ያለ ቀበሌ ሁሉ አንድ የብሔረሰብ ባህላዊ የእጅ ሥራ ከነአጠቃቀሙ በትርኢት እንዲያሳይ ታዟል። ችግሩ ደብዳቤው በሊቀመንበሩ መሳቢያ ውስጥ መክረሙ ነው። የሐረሪውን ስፌት አንዱ ቀበሌ ወስዶታል፤ የኦሮሞውን የወተት ዕቃ ሌላው፤ የሶማሌውን ቤት፣ የሸማኔውን ጉድጓድ፣ ሁሉንም ተቀራምተውታል።

«ለእኛ ምንም አልቀረልንም ጓዶች» አለ።

ከኋላ አንዱ «ጫት እናሳያ» አለ። ሊቀመንበሩ ጉንጩ እንደሞላ ተቆጣ። ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ለመዋጥ እጄን አወጣሁ፤ እጄን ካወጣሁ ደግሞ መናገር ግድ ሆነብኝ።

«አማቴ ታንኳ ይሠራሉ» አልኩ።

ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ድሬዳዋን ለማያውቅ ልንገረው፤ ደቻቱ የሚባለው ወንዛችን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ክረምት ላይ ለጥቂት ሰዓት ወንዝ መሆኑ ትዝ ይለዋል። በቀረው ጊዜ ግመል ይነዳበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል።

«ታንኳ» አለ ሊቀመንበሩ። «ውሃው የታለ?»

«መመሪያው ባህል ነው እንጂ ውሃ አላለም» አልኩት።

እንደ ልማዳችን ተጨበጨበ። የተጨበጨበለት ነገር ደግሞ ያን ጊዜ አይመለስም። አማቴ ሳይጠየቁ ታዘዙ።

ቤት ገብቼ ስነግራቸው ሰበዛቸውን አስቀመጡ። አሁን ወረደብኝ ብዬ ስጠብቅ፣ «ስንት ሰው የምትይዝ ይሁን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ደንገል ፍለጋ ወጡ። በጣና ታንኳ የሚሠራው ውሃ ዳር ከሚበቅለው ከዚያ ተክል ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የመስኖውን እርሻ ሁሉ አስሰው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «የዚህ አገር ሣር ራሱ ውሃ ጠጥቶ አያውቅም» አሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ የማሽላ አገዳ ይዘው ገቡና ሰብረው አሳዩን። «አያችሁ፣ ውስጡ ቡሽ ነው። እንደ ደንገል አይከርምም፤ ለአንድ ቀን ግን አያሳፍርም።»

አዝመራው ገና መሰብሰቡ ነበርና አገዳ እንደ ልብ ነው። ከከተማው ወጣ ካለው ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ገበሬው አገዳውን ሲያስር፣ «ስንት ላም አለህ አቦ?» አላቸው።

«ላም የለኝም። ታንኳ ልሠራበት ነው።»

ገበሬው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ አንድ እስር በነጻ ጨመረላቸው። ለበሽተኛ የሚሰጥ ምጽዋት መሆኑ ገብቶኝ እስከ ከተማ ድረስ እየሳቅኩ መጣሁ። አገዳውን በሁለት አህያ ጭነን ነበርና የኋለኛው አህያ የፊተኛውን ጭነት እየበላ መጣ። እኛ የባቡርና የቢሮ ሰዎች ነን፤ አህያው ሲበላ አይተን ያሰብነው ነገር ቢኖር ዱላ ማንሣት ብቻ ነው።

አማቴ በቀበሌው ግቢ ዘጠኝ ቀን ሠሩ። እኔ የቃጫ ገመድ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ፣ አቀብላለሁ፣ ገለል እላለሁ። አገዳውን ጠቅልለው በጉልበታቸው ተጭነው ገመዱን ሲያጠብቁ በባቡር ፈረንሳይኛቸው «አን፣ ዱ፣ ትሯ» እያሉ እስከ ሦስት ይቆጥራሉ። ትሯ ላይ እስሩ ሲጥ ይላል። ማንም እንዲነካባቸው አይፈቅዱም። ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ሊረዳ ጎንበስ ቢል «ጓድ፣ ስብሰባ የለህም?» ብለው አባረሩት። ማታ ማታ እጃቸውን በሙቅ ውሃ ነክረው ይቀመጣሉ። ከቀን ወደ ቀን መንቀጥቀጡ እየባሰ ሲሄድ አያለሁ።

መመሪያው «ከነአጠቃቀሙ» ስላለ፣ የቀበሌው የኪነት ቡድን ደግሞ በደቻቱ አሸዋ ላይ ቀዘፋ ይለማመድ ነበር። ስድስት ነን፤ እኔም አለሁበት። በሁለት ረድፍ አሸዋው ላይ ተንበርክከን እንጨት ይዘን እንቀዝፋለን። አንዳችንም ጀልባ አይተን ስለማናውቅ አንዱ ወደፊት ይቀዝፋል፣ አንዱ ወደኋላ፣ አንዷ ደግሞ ዘፈኑን ተከትላ ትከሻዋን ትሰብቃለች። የግመል ነጂዎች ቆመው ያዩናል። አማቴ አንድ ቀን መጥተው ጥቂት አዩን።

«ምን እያበራያችሁ ነው?» አሉ። «ጤፍ ነው ወይስ ገብስ?»

እኔ አሸዋው ላይ ተዘርሬ ሳቅኩ። እሳቸው ግን እየተነጫነጩ አስተካከሉን። አንዱን የቀርከሃ ዘንግ መሐሉ ላይ ይዞ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ነው የሚቀዘፈው። ውሃው እንዳለ አድርገን ቀዘፍን። ልብ ብለን ስንቀዝፍ እውነትም አሸዋው የሚሄድ መሰለን።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ታንኳዋ አለቀች። ቁመቷ ሁለት ሰው ተጋድሞ ያህላል፤ አፍንጫዋ ሽቅብ ይስባል፤ ወገቧ እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቡናማ ነው። እስሮቿ እኩል በእኩል። አማቴ ዞሩዋት፣ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓት፣ ከዚያ «ምሳ እንብላ» አሉ። ትርኢቱ ሊደርስ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። በመንገድ ላይ እያፏጩ ሄዱ። ሲያፏጩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሰባት እስከ ዐሥር ሰዓት ድሬዳዋ የተኛች ከተማ ናት። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። የቀበሌው ዘበኛም ከዛፉ ሥር ነበር። የማይተኛ ፍጥረት ቢኖር ፍየል ነው።

ዐሥር ሰዓት ላይ ስንመለስ ግቢው ውስጥ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ተሰብስቧል። አፍንጫዋ የለም። አንደኛው ጎኗ እስከ ወገቧ ተበልቷል። ገመዶቹ ብቻ መሬት ላይ ተጥመልምለዋል። አንዲት ነጭ ፍየል ታንኳዋ ውስጥ ገብታ፣ በቀረችው ጠርዝ ላይ አገጯን አሳርፋ፣ ባለቤት መስላ እያመነዠከች ታየናለች።

ሳቅኩ። ምን ልበላችሁ፣ አማቴ አጠገቤ ቆመው ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ፣ ግድግዳ ተደግፌ። ዞር ብለው አዩኝ። በዚያ ፊት ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ቁጣ አልነበረም። መሬት ላይ ቁጭ አሉና፣ «በቃ። እጄ የቀራት ዘጠኝ ቀን ነበር፤ ጨረሰች» አሉ። ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞረ። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ፍየሎቹ አብዛኞቹ የጎረቤታችን ነበሩ፤ ከቀበሌው አጥር ወዲያ ወተት የምትሸጥ ሶማሌ ሴት ነች። ጩኸቱን ሰምታ መጣች። የተበላውን አየች፣ መሬት የተቀመጡትን ሽማግሌ አየች።

«ወላሂ አላየኋቸውም አባባ» አለች። «ፍየል ባህል ምን ያውቃል? አገዳ ነው የሚያውቀው።»

ሊቀመንበሩ ታንኳዋን በሰሌዳ ላይ እናሥላት ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሴትየዋም ነጠላዋን አጥብቃ አስራ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ቢዮ አዋሌ ካሉ ዘመዶቿ ሦስት አህያ አገዳ አስጭና ግቢው በር ላይ ቆማ አገኘናት። ፍየሎቿን ቤት ዘግታባቸዋለች፤ ጩኸታቸው እኛ ጋ ይሰማል።

አማቴን ለምኜ አመጣኋቸውና ወንበር አቀረብኩላቸው። «ተቀምጠው ይንገሩን፤ እኛ እናስራለን» አልኩ።

«አይሆንም። አትችሉትም።»

«አለመቻላችንን እንያው» አልኩና አገዳ ጠቅልዬ በጉልበቴ ተጫንኩ፤ ገመዱን አዞርኩ። መጥፎ እስር ነበር። እኔው ራሴ ታይቶኛል። አማቴ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡ። «ተይው፣ ተይው» ብለው ገመዱን ነጠቁኝና ሊያጠብቁት ሳቡ። ጣታቸው አልታዘዘም። እንደገና ሳቡ። ገመዱ ከእጃቸው ሸሸ። ሁላችንም ወደ መሬት አየን። አማቴ ገመዱን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ከሥር ነው የሚዞረው» አሉ። «ከላይ አይደለም። ጉልበትሽን አታንሺ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የመሰለ ቀን በዕድሜዬ አላየሁም። ወንበራቸው ላይ ሆነው እንደ ባቡር ጣቢያ ሹም ያዝዙን ጀመር። ስድስታችን የኪነት ልጆች፣ ሊቀመንበሩ፣ የፍየሎቹ ባለቤት፣ ዘበኛው ሳይቀር አገዳው ላይ ተረባረብን። ስድቡ አይጣል ነው። ሊቀመንበሩን «ይሄን እስር ያሰርከው በስብሰባ ነው?» አሉት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ፈታው። እኔን ስድስት ጊዜ አስፈቱኝ። በሰባተኛው ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ምርቃት መሆኑ ገብቶኝ ከመሬት ከፍ ያልኩ መሰለኝ፤ ሙቀቱ፣ ረሃቡ፣ የቆሰለው ጣቴ ሁሉ ጠፋብኝ።

ከሁላችን የበለጠችው ግን የፍየሎቹ ባለቤት ነች። ጥቂት አየችንና ገመዱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ ስትስበው እስሩ ሲጥ አለ። አማቴ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይሄን የት አየሽ?» አሉ።

«ይሄማ የኛ ቤት ነው አባባ። እንጨቱን አጉብጠን ምንጣፉን እንዲህ ነው የምናስረው። እናንተ ገልብጣችሁት ነው እንጂ የኛ ቤት ነው።»

አማቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ታንኳዋን አዩዋት። «እውነትሽን ነው» አሉ። ሰው አርሟቸው ሲያምኑ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ በኋላ አፍንጫዋን የማጠፉን ሥራ ለእሷ ሰጧት።

ወደ ማምሻው ባሌ ከሚሠራበት ፋብሪካ ሲወጣ መጣ። ቱታውን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሞ አየን። እኔ ልጥራው አልጥራው ስል አባቱ ቀደሙኝ። «ያዝ» አሉት፣ የገመዱን ጫፍ በአገጫቸው እያመለከቱ። ተንበርክኮ ያዘ። ማሰር ሲጀምር አማቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያቺ የታወቀችው ቃል ምላሳቸው ላይ መድረሷን አየሁ። ዋጧት። ውሃ ጠየቁኝና ጠጡ። ባሌ አስሮ ሲጨርስ ቀና ብሎ አያቸው። «ቀጥል» አሉት። ባሌ ሳቀ፤ የኔ ዓይነት ሳቅ፣ ቦታ የማይመርጥ።

አዲሷ ታንኳ በቀን ብርሃን ከመጀመሪያዋ ጋር ብትተያይ ቆንጆ አልነበረችም። አንድ ጎኗ ያበጠ ጉንጭ ይመስላል። በምሽቱ ብርሃን ግን ተሸክመናት ወጣን፤ ትርኢቱ ጠዋት ስለሆነ መንሳፈፏን ማወቅ ነበረብን። ስምንት ሆነን በራሳችን ላይ ገልብጠን በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ስናልፍ አንዲት አሮጊት የሬሳ ሣጥን መስሏቸው አማተቡ። ውሃ የሚገኘው ከከተማው ዳር ካለ የብርቱካን እርሻ ነው፤ ለመስኖ የሚጠራቀምበት ሰፊ ገንዳ አለው። የእርሻው ዘበኛ የመጣንበትን ሲሰማ እኛን ለማስገባት ሳይሆን ለማየት ሲል በሩን ከፈተልን።

«ማን ይውጣ?» አለ ሊቀመንበሩ።

አማቴ ወደ እኔ አዩ። «መጀመሪያ ያሰረችው።»

ዋና አላውቅም። ከባልዲ የጠለቀ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ ቋጥሬ፣ በባሌ እጅ ተደግፌ ተንበረከክሁባት። ጠለቀች። ልቤም አብራ ጠለቀች። ከዚያ አንድ ነገር ከሥሬ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ መለሰኝ። ቆመች። ውሃ ላይ ቆመች። ማሽላ ናት፣ ቃጫ ናት፣ ጠዋት ስድስት ጊዜ የተፈታው እስሬ ናት፤ እኔን ይዛ ውሃ ላይ ቆመች።

ቀርከሃውን ተቀብዬ አንዴ በግራ መታሁ። ታንኳዋ ዞረች። እንደገና መታሁ። እንደገና ዞረች። ብርቱካኑ፣ ባሌ፣ ሊቀመንበሩ፣ የፍየሎቹ ባለቤት፣ ሁሉም ይዞሩብኛል። ቀሚሴ በውሃ ረጥቧል፤ ሳቄ ከሆዴ እየተግተለተለ ይወጣል። «በቀኝም ምቺ፣ አንቺ ልጅ» ይላሉ አማቴ ከገንዳው ጠርዝ፤ እሳቸውም እየሳቁ ስለሆነ ቃሉ አይሰማም። በቀኝ መታሁ። ቀጥ ብላ ሄደች። ገንዳው ከዳር እስከ ዳር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ያን ጊዜ አገር ተሻገርኩ። እስከ ጭለማ ድረስ ተራ በተራ ስንወጣባት ቆየን። ሊቀመንበሩ ከነ ካኪ ልብሱ ገንዳው ውስጥ ወደቀ፤ ወጥቶ እንደገና ሰልፍ ያዘ።

በማግስቱ በከተማው አዳራሽ፣ በትርኢቱ ላይ አሸዋ አፍሰን ታንኳዋን መሐል አስቀመጥናት፤ ስድስታችንም በግራ በቀኝ እየመታን ቀዘፍን። ከበላይ የመጡት እንግዳ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እኛ ጋ ቆዩ። አማቴን ጨበጧቸውና ይህች ታንኳ ለትውልድ እንድትተላለፍ በአዳራሹ ውስጥ፣ መስተዋት ተሠርቶላት ለዘለቄታው ትቀመጣለች አሉ። ተጨበጨበ። ሊቀመንበሩ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

«የለም ጓድ» አሉ አማቴ። «ታንኳዋ ለዚህች ሴት ፍየሎች ትሰጥልኝ።»

ጭብጨባው መሐል ላይ ቀረ። የሊቀመንበሩ ፊት አመድ መሰለ። ያን ጊዜ እንዲያ ላሉ ሰው «የለም» አይባልም ነበር።

«ታንኳ ተቀምጣ አትከርምም» አሉ አማቴ ረጋ ብለው። «አባቴ በዕድሜው ስንት እንደሠራ እሱም አያውቀውም። መስተዋት ውስጥ ብትሆን ምስጥ ይበላታል። ፍየል ብትበላት ወተት ትሆናለች።»

እንግዳው ሳቁ። እሳቸው ከሳቁ በኋላ ሌላው ሁሉ ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

«ታዲያ ባህሉስ አባት?» አሉ እንግዳው። «በምን ይጠበቃል?»

አማቴ ወደ እኛ ዞሩ። አሸዋው ላይ እንደተንበረከክን ነበርን፤ ጣታችን ሁሉ በቃጫ ተልጧል። ከመሐላችን ሁለቱ ወንዶች ለብሔራዊ ውትድርና ተመዝግበው ጥሪ ይጠብቁ እንደነበር አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ የለም። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አንሥተው ከዳር ጀምረው አንድ በአንድ አመለከቱን፤ በመጨረሻም ዳር የቆሙትን ባሌንና የፍየሎቹን ባለቤት።

«እነዚህን ይጠብቁልኝ ጓድ» አሉ። «ታንኳዋን እኛ እንሠራታለን።»